ሲስተሯ ጥያቄ አላት፣ መልሱ ሲስተሙ ውስጥ አለ፤ ታዲያ ምን ቸገረ?

#ልደታ #ጤና #ቴክኖሎጂ

እስቲ ልደታ ክፍለ ከተማ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ፣ ክትባት ክፍል የምትሠራ አንዲት ሲስተር እናስብ። ሲስተሯን የፈጠርናት እኛ ነን፤ ጥያቄዋ ግን የእውነት ነው።

ሰሞኑን አንድ ነገር ከንክኗታል። ልጆቻቸውን ለመጀመሪያው የፔንታ ክትባት ይዘው የመጡ እናቶች ሦስተኛው ሲደርስ እየጠፉባት ነው። ፔንታ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል፤ ሦስቱንም ያልጨረሰ ሕፃን የተሟላ መከላከያ የለውም። "ስንቱ ጀምሮ ስንቱ ጨረሰ? ካለፈው ዓመት ብሶ ነው ወይስ ዝም ብሎ መስሎኝ?" ይሄው ነው ጥያቄዋ።

ቁጥሩ አለ። እሷ ራሷ በየቀኑ መዝገብ ላይ የጻፈችው፣ በየወሩ ተደምሮ ኮምፒውተር ውስጥ የገባው ነው። አስቸጋሪው ነገር መልሶ ማውጣቱ ነው።

ዳታ የሚቀመጥበት ማሽን አማርኛም እንግሊዝኛም አይሰማም። የሚሰማው ኤስ.ኪው.ኤል የሚባል የዳታቤዝ ቋንቋ ነው። "ከዚህ ሠንጠረዥ ይህን አምጣ፣ ከዚያኛው ጋር በዚህ መለያ ቁጥር አገናኝ፣ በወር በወር ደምር" እያላችሁ በኮድ ትጽፉለታላችሁ። አንድ ኮማ ብትረሱ "አልገባኝም" ብሎ ያቆማል። ይሄ እንኳን ደግ ነው። የባሰው፣ ኮዱ ትክክል መስሎ ሠርቶ የተሳሳተ ቁጥር ሲሰጣችሁ ነው።

ስለዚህ ሲስተሯ አማላጅ ያስፈልጋታል። ለኃላፊዋ ትነግራለች፣ ኃላፊዋ ለአይቲው ይነግራል፣ አይቲው ሥራ በዝቶበታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁጥር ይመጣል፤ ግን ኮድ እንጂ ክትባት የማያውቀው ልጅ ሦስቱን የፔንታ ዙሮች አንድ ላይ ደምሮ ነው የላከው። "ኧረ ይሄን አይደለም የጠየቅኩት!" እንደገና ከዜሮ። እውነቱን ለመናገር በዚህ መሀል አብዛኛው ሰው መጠየቁን ይተወዋል። ሕፃናቱ ግን 14 ሳምንታቸውን አልፈው ይሄዳሉ።

እንግዲህ ዛሬ የምናወራው ይህን አማላጅ ስለማስቀረት ነው። ኮድ የማያውቅ ሰው በለመደው ነገር፣ ማለትም በሠንጠረዥ፣ በዝርዝርና በካርታ፣ የጤና ዳታን ራሱ መጠየቅ የሚችልበት መንገድ። አገራችን ውስጥ አለ፣ እየሠራም ነው። ስሙ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ 2 ይባላል፤ ባለሙያዎቹ "ዲ.ኤች.አይ.ኤስ ቱ" ነው የሚሉት።

ነገሩ የተጀመረው ደቡብ አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አፓርታይድ ሲያበቃ የአገሪቱ ጤና ሥርዓት በዘርና በአካባቢ የተቆራረጠ ነበር፤ ሪፖርቱም እንደዚያው። የደቡብ አፍሪካና የኖርዌይ ተመራማሪዎች ለወረዳ ጤና ሠራተኞች የሚሆን ሶፍትዌር መሥራት ጀመሩ። ያኔ ያደረጉት አንድ ብልህነት አለ። አዲስ የትንተና ፕሮግራም ፈጥረው ሰዉን "ተማር" አላሉትም። ዳታውን በማይክሮሶፍት አክሰስ ሰብስበው፣ ትንተናውን ኤክሴል ላይ በፒቮት ቴብል አደረጉት። የቢሮ ሰው ኤክሴልን ያውቀዋላ! ሁለተኛው ትውልድ በኢንተርኔት የሚሠራ ሆነ፤ ልማቱን የሚያስተባብረው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሶፍትዌሩም ነጻ ነው። ዛሬ ከ80 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። ጤና ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ያዋለው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ "የመረጃ አብዮት" ተብሎ የተሰየመው እቅድ አንዱ ክፍል ሆኖ።

አሁን ሲስተሯን ከስክሪኑ ፊት እናስቀምጣት።

የሚጠይቃት ሦስት ነገር ብቻ ነው። ምን? መቼ? የት?

ምን፦ ከዝርዝሩ ውስጥ "ፔንታ 1" እና "ፔንታ 3"ን ትመርጣለች። መቼ፦ "ያለፉት 12 ወራት" ትላለች። የት፦ እዚህ ላይ ዛፍ የሚመስል ዝርዝር ይከፈታል። ኢትዮጵያ፣ ከሥሩ አዲስ አበባ፣ ከሥሩ ልደታ፣ ከሥሩ ወረዳዎቹ፣ ከሥራቸው ተቋማቱ። ስልካችሁ ላይ ፎልደር ውስጥ ፎልደር እየከፈታችሁ ፎቶ እንደምትፈልጉት ማለት ነው። ሦስቱን መርጣ ስትጫን ሠንጠረዥ ይወጣል። ደስ ካላት ወራቱን ወደ ላይ፣ ተቋማቱን ወደ ጎን ታገላብጣቸዋለች። በመስመር ግራፍ ማየት ከፈለገች አንድ ክሊክ ነው። ያወጣችውን ዳሽቦርድ ላይ ከሰቀለችው ደግሞ በሚቀጥለው ወር እንደገና መጠየቅ አያስፈልጋትም፤ ራሱ ይታደሳል። ኮዱን ከበስተጀርባ የሚጽፈው ሲስተሙ ነው። የምታየውም የተፈቀደላትን ያህል ነው፤ የማን መግቢያ የትኛውን ቅርንጫፍ እንደሚከፍት አስቀድሞ ይወሰናል።

240 ሕፃናት ጀምረው 198 ጨረሱ እንበል። 42ቱ የሉም። 42ን ለ240 ስታካፍሉት 17.5 በመቶ ይመጣል። በጤናው ዘርፍ ከ10 በመቶ በላይ ያቋረጠ ከሆነ "አንድ ነገር አለ" ተብሎ ይታያል። ስለዚህ መስሏት አይደለም፤ ትክክል ነበረች።

(አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ወር ፔንታ 3 የወሰዱት ሕፃናት ፔንታ 1 የወሰዱት ከሁለት ወር ገደማ በፊት ነው። ስለዚህ የአንድ ወርን ቁጥር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል፤ የዓመት ሲሆን ይሻላል።)

"የለመዱት ነገር" ስንል በተን ብቻ አይምሰላችሁ። ለእኛ ትልቁ ነገር የቀን አቆጣጠሩ ነው። ፈረንጅ የሠራው ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪን እንጂ ታኅሣሥን አያውቅም። ታኅሣሥ የሚጀምረው ዲሴምበር 10 አካባቢ ስለሆነ፣ የታኅሣሥ ሪፖርት በፈረንጅ ወር ቢገባ ለሁለት ይሰነጠቃል። ዲ.ኤች.አይ.ኤስ 2 የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር መርጦ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ እኛ ጋም የተደረገው ይሄ ነው። በጀት ዓመቱ በሐምሌ 1 ይጀምራል። የጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርት ደግሞ የሚዘጋው በ30 አይደለም፣ በ20 ነው። እና ጳጉሜስ? አምስት ወይም ስድስት ቀን የራሷ ሪፖርት አይኖራትም፤ የምትደመርበት ወር በእነዚያ ቀናት ይረዝማል። ይህን የማያውቅ ሰው ግራፉ ላይ በዓመቱ መግቢያ ከፍ ያለ ነገር አይቶ "አዲስ ዓመት ሲመጣ ታካሚ በዛ" ሊል ይችላል። የካርድ ክፍሏ ልጅ ግን ትስቅበታለች።

እዚህ ጋ ነው ዋናው ጉዳይ የሚመጣው። በተኑ ሲቀል መልስ ማግኘት ቀለለ፤ የተሳሳተ መልስ ማግኘትም አብሮ ቀለለ።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም፣ እዚሁ ልደታ ነው። ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚገኘው ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ለካንሰር ሕክምና ከጎንደርም፣ ከጋምቤላም፣ ከጅግጅጋም ሰው ይመጣል። አሁን አንድ ሰው ሲስተሙን ከፍቶ ምን? "የካንሰር ታካሚ"፣ መቼ? "ዘንድሮ"፣ የት? "በክፍለ ከተማ" ብሎ ካርታ ቢያወጣ ልደታ ቀልታ ትታያለች። በርዕሱም "ካንሰር በልደታ ተስፋፋ!" ብሎ ይለጥፈዋል። እኛም የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ነን፤ እንዲህ ያለ ርዕስ ስንት ሼር እንደሚያመጣ እናውቀዋለን።

ግን ውሸት ነው። ሲስተሙ አልዋሸም፤ "የት" የሚለው ቃል ነው ያሳሳተው። በወርሃዊ ሪፖርት ውስጥ "የት" ማለት አገልግሎቱ የተሰጠበት ቦታ ነው፤ ታካሚው የሚኖርበት ሰፈር አይደለም። ሁለቱ ለክትባት ይቀራረባሉ፤ ማንም ሕፃን ለማስከተብ አገር አያቋርጥም። ለካንሰር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

"ካንሰር ከአዲስ አበባ ነዋሪዎች ስንቱን ያዘ?" ለሚለው ጥያቄ ሌላ መዝገብ አለ። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ ካንሰር ምዝገባ ቢሮው እዚያው ጥቁር አንበሳ፣ የጨረር ሕክምና ማዕከሉ ጋ ነው። መረጃውን የሚሰበስበው ግን ከከተማዋ ሆስፒታሎች፣ ክሊኒኮችና ላቦራቶሪዎች ነው። የሚመዘግበው የከተማዋን ነዋሪ ነው። አንድ ሰው ሦስት ቦታ ቢታይም አንዴ ብቻ እንዲቆጠር ይጣራል። ለዚህ የሚጠቀሙት ካንሬግ የተባለ ሶፍትዌር የተሠራው ፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ባለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ በሽታ፣ ሁለት የተለያዩ "የት"።

ሁለተኛው ወጥመድ ፐርሰንት ነው።

"የልደታ የክትባት ሽፋን ስንት በመቶ ነው?" ብላችሁ ስትጠይቁ ሲስተሙ የተከተቡትን መከተብ ለነበረባቸው ያካፍላል። የተከተቡት ከመዝገብ ይመጣሉ። መከተብ የነበረባቸው ግን ከየት? ከሕዝብ ቆጠራ ተነስቶ ከተሰላ ግምት። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራችን ደግሞ የ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ላይ ልደታን አስቡት። አሁን ኮንዶሚኒየሙና ፎቁ የቆመበት ቦታ በ1999 የጭቃ ቤቶች የታጨቁበት ሰፈር ነበር። መልሶ ማልማቱ መጣ፣ ሰፈሩ ፈረሰ፣ ሰው ተነሳ፣ ሌላ ሰው ገባ። ግምቱ ይህን ሁሉ በትክክል ይከተላል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። አካፋዩ ከእውነቱ ካነሰ ሽፋኑ 130 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው ከመቶ በላይ የሆነ ሽፋን ብርቁ አይደለም። 130 በመቶ ሕፃን ግን የለም።

የሲስተሯ ጥያቄ ደስ የሚለው ለዚህ ነው። "ከጀመሩት ስንቱ ጨረሰ?" ስትል አካፋዩም ተካፋዩም ከራሷ መዝገብ ነው የሚመጡት፤ ቆጠራ አያስፈልጋትም። ይህን የመረጠችው እንግዲህ ክትባት ስለምታውቅ ነው። አይቲው ቢሆን "ሽፋን" የሚለውን ይጫን ነበር፣ ቆንጆ ግራፍም ይወጣለት ነበር።

ሦስተኛው ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ባዶ ቦታ። ሠንጠረዡ ላይ አንድ ጤና ጣቢያ ፊት ለፊት ምንም ካልተጻፈ "ማንም አልተከተበም" ማለት ነው? ወይስ ሪፖርቱ አልገባም? ሲስተሙ ዜሮን እንዲያስቀምጥ ተለይቶ ካልታዘዘ፣ ዜሮ ብሎ የጻፈውና ምንም ያልጻፈው ሁለቱም ባዶ ሆነው ይታያሉ። ለዚህ ነው ጎበዝ የጤና መረጃ ባለሙያ ግራፍ ከማየቱ በፊት "ስንት ተቋም ሪፖርት አድርጓል?" የሚለውን ገጽ የሚከፍተው። ሌላም ቼክ አለ። ከሪፖርቱ ላይ 12 ቁጥሮች በዕጣ ይመረጡና ከወረቀት መዝገቡ ጋር ይመሳከራሉ። ስንቱ እንደገጠመ ታይቶ ዳታው ይታመን አይታመን ይወሰናል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ያለሱ ዳሽቦርዱ ጌጥ ነው።

እስካሁን ያወራነው "ስንት" ስለሚለው ጥያቄ ነው። ወርሃዊው ሪፖርት ድምር እንጂ ስም የለውም። "የስኳርም የደም ግፊትም ሕመም ያለባቸው፣ ከ40 ዓመት በታች የሆኑ ስንት ናቸው?" ብትሉ ከድምር ላይ መመለስ አይቻልም፤ የእያንዳንዱ ታካሚ መዝገብ ያስፈልጋል። ለዚህ የአሜሪካ ቦስተን ሆስፒታሎች ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠሩት አይ.ቱ.ቢ.ቱ የሚባል ነገር አለ። ከዝርዝሩ ላይ "ስኳር"ን ይዛችሁ ትጎትቱና ሳጥን ውስጥ ትጥሉታላችሁ። "ግፊት"ን እዚያው ሳጥን ውስጥ ከጣላችሁት "ወይም" ማለት ነው። ሌላ ሳጥን ውስጥ ከጣላችሁት ደግሞ "እና"።

ይሄ ለእኛ ይመቸናል፤ ምክንያቱም አማርኛችን ራሱ እዚህ ጋ ያምታታል። "የስኳርና የግፊት ታካሚዎች ስንት ናቸው?" ስትሉ ሁለቱም ያለባቸውን ነው ወይስ አንዱ ያለባቸውን ጨምሮ? ሰው ከሁኔታው ይገባዋል። ሳጥኑ ግን አስገድዶ ያስመርጣችኋል።

"ታዲያ ለምን ቻትቦት አንጠይቅም?" የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። በአማርኛ ጻፍ፣ ኮዱን እሱ ይጻፍ፣ አበቃ። እየተሞከረ ነው፤ ለወደፊቱም የሚቀር አይመስልም። ግን ልዩነቱን እዩት። ቻትቦቱ "ስኳርና ግፊት" የሚለውን እንዴት እንደተረጎመው ሳይነግራችሁ አንድ ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል። "ልደታ"ን የመኖሪያ ነው ብሎ ይውሰደው የሕክምና፣ አታውቁም። ሳጥኖቹና ዝርዝሮቹ ቢያንስ የመረጣችሁትን ፊት ለፊት ያሳዩዋችኋል፤ ስህተቱ ለዓይን ይታያል። እኛ በበኩላችን መልሱን ብቻ ከሚሰጥ ይልቅ "እንዲህ ነው የተረዳሁት፣ ልክ ነኝ?" ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ እንመርጣለን።

ምስጢርም አለ። ስም ባይኖርም ቁጥር ሰውን ሊያጋልጥ ይችላል። በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ በሽታ "1" የሚል መልስ ከወጣ ጎረቤት ማን እንደሆነ ያውቃል። ቦስተኖቹ ለዚህ መላ አላቸው፤ ለተራ ተጠቃሚ የሚሰጠውን ቁጥር ሆን ብለው በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጉታል። በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት ውስጥ መድቦታል። ስለዚህ ሆስፒታል የምትሠሩ ጓደኞቻችን፣ የታካሚ ስም ያለበትን ኤክሴል ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መላላኩ ይቅር። ነጻ ቻትቦት ላይ መለጠፉም ያው ነው።

ወደ ሲስተሯ እንመለስ። ግራፉን በወርሃዊው የአፈጻጸም ክትትል ቡድን ስብሰባ ላይ፣ ፒ.ኤም.ቲ በሚሉት ላይ፣ ከፈተችው። መቼ እንደባሰ ታየ። ለምን እንደባሰ ግን የትኛውም በተን አይነግራትም። ከ42ቱ ውስጥ ሰፈሩ ፈርሶ ጀሞ የገቡ ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው እዚያ ሦስተኛውን ወስደው ይሆናል፣ በእሷ መዝገብ ግን "ጠፍተዋል"። ከሁለተኛው በኋላ ልጁ ያተኮሰው፣ እናቱ ፈርታ የቀረችም ትኖራለች። አሠሪዋ ፈቃድ የከለከለቻትም አለች ይሆናል። ሲስተሯ የወረቀት መዝገቡን ገልጣ፣ ስልክ ቁጥር ያለበትን ዓምድ በጣቷ እየተከተለች መደወል ጀመረች።

በነገራችን ላይ ጤና ኢንፎርማቲክስ የምትማሩ፣ ወይም ዝም ብላችሁ መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ የዲ.ኤች.አይ.ኤስ 2 የራሱ ድረ ገጽ ላይ ማንም የሚገባበት የነጻ መለማመጃ አለ። ስልክ ላይም ይከፈታል፤ ለፒቮት ቴብሉ ግን ላፕቶፕ ይሻላል። ካርታው ላይ የምታዩት የሴራሊዮንን ወረዳዎች ነው፤ ቁጥሮቹ ለልምምድ የተዘጋጁ ስለሆኑ እንደፈለጋችሁ ብትነካኩ ማንም አይጎዳም። ፔንታ 1 እና ፔንታ 3 እዚያም አሉ። የት የት ወረዳ በብዛት እንደሚቋረጥ አውጡና ስክሪንሾቱን ኮሜንት ላይ ጣሉልን።